«አልገባኝም» ካለ በኋላ፦ ተማሪን ከከባድ የሒሳብ ጥያቄ ጋር ማቆየት

ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ጻፋችሁ። ገና አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ከኋላ በኩል አንድ እጅ ወጣ።

«ቲቸር፣ አልገባኝም።»

«ምኑ?»

«ሁሉም።»

እርሳሱ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ልጁ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ያንብበው አያንብበው እንኳ አይታወቅም።

እንዲህ ሲሆን አብዛኞቻችን የምንለው ያው ነው። «በርታ! ትንሽ አስብበት! ቶሎ ተስፋ አትቁረጥ!» እኔም ለዓመታት ስል ኖሬያለሁ። ጠብ ያለ ነገር ግን የለም። ልጁ መሞከር ጠልቶ እንዳልሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ምኑን እንደሚሞክር ነው የጠፋው። መንገድ የጠፋበትን ሰው «ጠንክረህ ሂድ» ብንለው የት ይደርሳል?

ከባድ ጥያቄ ላይ የሚቆየው ልጅ መንገዱ ሲጠፋው የሚሠራው ነገር ያለው ልጅ ነው። ከዚህ በታች ያለው ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 14 ለሆኑ ተማሪዎች ያንን «የሚሠራ ነገር» በምን ቅደም ተከተል እንደምንሰጣቸው ነው። የጻፍኩት ለመምህራን ነው። ቤት ውስጥ ልጅ የሚያስጠና ሰው 3ኛውንና 5ኛውን ደረጃ፣ ከዚያም መጨረሻ ላይ ያለውን ቢያነብ ይበቃዋል።

1. ጥያቄውን በጥንቃቄ ምረጡ

20 ተመሳሳይ ስሌት የሞላበት ወረቀት መልመጃ ነው። መልመጃ ያስፈልጋል፤ እጅ ያፍታታል። ነገር ግን መንገዱ አስቀድሞ ስለሚታወቅ መንገድ ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ አያስተምርም። እዚህ የምንፈልገው ተማሪው ሲያየው አሠራሩ ወዲያው የማይመጣለት፣ ግን ሊጀምረው የሚችለው ጥያቄ ነው።

እኔ ስመርጥ ሦስት ነገር አያለሁ። በክፍሉ ደካማ የሚባለው ልጅ አንድ ነገር ጽፎ ሊጀምር ይችላል ወይ? ከአንድ በላይ መንገድ አለው ወይ? ልጁ መልሱ ትክክል መሆኑን እኔን ሳይጠይቅ ማረጋገጥ ይችላል ወይ? ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። መልሱን ራሱ ማረጋገጥ የማይችል ልጅ በየሁለት ደቂቃው «ቲቸር፣ ልክ ነኝ?» እያለ መምጣቱ አይቀርም።

ለምሳሌ ይህን ውሰዱ። «አንድ ግቢ ውስጥ ዶሮዎችና ፍየሎች አሉ። ጭንቅላታቸው ሲቆጠር 20፣ እግራቸው ሲቆጠር 56 ነው። ዶሮዎቹ ስንት ናቸው? ፍየሎቹስ?» ጥያቄው በጣም ያረጀ ነው። ከ1,500 ዓመት በላይ ባስቆጠረ አንድ የቻይና የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ በወፍና በጥንቸል ተጠይቋል። እዚያ ጭንቅላቱ 35፣ እግሩ 94 ነው። ያረጀ ጥያቄ አትናቁ። ይህን ያህል ዘመን የቆየው ስለሚሠራ ነው።

ክፍል ከመግባታችሁ በፊት ጥያቄውን ራሳችሁ ሥሩት። አንድ ጊዜ ሳይሆን በምታውቁት መንገድ ሁሉ። ግምት፦ 10 ዶሮና 10 ፍየል ቢሆኑ እግሩ 60 ነው፤ 4 በዛ፤ ሁለት ፍየል በሁለት ዶሮ ይቀየር። ሥዕል፦ 20 ክብ ሳሉ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት እግር ስጡ፣ የቀሩትን 16 እግሮች ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ አድሉ። ወይም በኤክስና በዋይ። የእኔ ምርጥ ግን አንዲት ተማሪ ያመጣችው ነው። «ፍየሎቹ ሁሉ በኋላ እግራቸው ይቁሙ» አለች። አሁን መሬት የነካው እግር 40 ነው። አየር ላይ የቀረው 16። እያንዳንዱ ፍየል ያነሳው ሁለት ስለሆነ 8 ፍየል፣ 12 ዶሮ። እኔ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ዘዴውን ግን ማንም አልረሳውም።

2. ቁጥሩን ደብቁት

ልጆች በቃላት የተጻፈ ጥያቄ ሲያዩ ቃላቱን ዘለው ቁጥሮቹን ያፍሳሉ። 20 እና 56 አሉ፤ እንደምር፤ 76፤ አለቀ። በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ፈረንሳይ ውስጥ የተደረገ አንድ ሙከራ ይህን በደንብ ያሳያል። ለትናንሽ ልጆች «መርከብ ላይ 26 በጎችና 10 ፍየሎች አሉ፤ የመርከቡ አዛዥ ዕድሜው ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ቀረበላቸው። ከ97ቱ ልጆች 76ቱ በቁጥሮቹ ተጠቅመው ዕድሜውን «አገኙት»። ልጆቹ ሞኝ ሆነው አይደለም። ሒሳብ ማለት ቁጥር አንስቶ አንድ ነገር ማድረግ ነው ብለው ስለተማሩ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ታሪኩን ብቻ ስጧቸው። «ግቢ ውስጥ ዶሮዎችና ፍየሎች አሉ። አንድ ሰው ጭንቅላታቸውን ቆጠረ። ሌላ ሰው እግራቸውን ቆጠረ።» ከዚያ ጠይቁ፦ ምን ይታያችኋል? የቱ ቁጥር የሚበልጥ ይመስላችኋል? ለምን? ምን ሊጠየቅ ይችላል? አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ቁጥሩ ሲመጣ ልጁ ስለ ምን እንደሆነ ያውቃል። «ሁሉም አልገባኝም» የሚለው ግማሹ እዚህ ጋ ይቀንሳል።

3. «መንገድ ሲጠፋኝ» የሚል ካርድ አሠሯቸው

ሀንጋሪያዊው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ፖልያ በ1945 እ.ኤ.አ. የጥያቄ አፈታትን በአራት ከፍሎ አስቀምጦ ነበር፦ ጥያቄውን መረዳት፣ ዕቅድ ማውጣት፣ ዕቅዱን መሥራት፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት። ብዙ ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። ጥሩ ነው። ግን የ12 ዓመት ልጅ የሚቆመው በትክክል «ዕቅድ አውጣ» የሚለው ጋ ነው። ፖልያ ራሱም እዚያ ላይ አላቆመም፤ በየደረጃው ሰው ራሱን የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች ዘርዝሯል። ፖስተሩ ላይ ሳይገቡ የቀሩት እነሱ ናቸው።

ካርዱ ላይ የሚጻፈው እጅ የሚያንቀሳቅስ ነገር ይሁን፦

– ጥያቄውን ሳላይ ለጓደኛዬ እነግረዋለሁ።
– እስለዋለሁ። (ሥዕሉ አስቀያሚ ቢሆን ግድ የለም።)
– ቁጥሩን አሳንሼ እሞክረዋለሁ።
– እገምትና እፈትሻለሁ፤ ግምቴን አላጠፋም።
– በሰንጠረዥ እደረድረዋለሁ።
– ከመጨረሻው ተነስቼ ወደ ኋላ እሄዳለሁ።

ሁሉንም በአንድ ቀን አታስተምሩ። በሳምንት አንድ ይበቃል። ለዚያ ሳምንት የሚመረጠው ጥያቄም በዚያ ዘዴ የሚከፈት ይሁን። ቃላቱን ልጆቹ ራሳቸው ይጻፉት። አንዱ ተማሪዬ ሦስተኛውን «ጥያቄውን ሕፃን አደርገዋለሁ» ብሎ ጽፎታል። ከእኔ አገላለጽ የእሱ ይሻላል። ካርዱ ደብተር ሽፋን ውስጥ ይለጠፍ፤ ግድግዳ ላይ ያለውን ማንም አያየውም።

ከስድስቱ አንዱን ብቻ ለማስተማር ጊዜ ካላችሁ ማሳነስን አስተምሩ። ይህን ስጧቸው፦ «30 ሰዎች ተሰበሰቡ። እያንዳንዱ ከሌሎቹ ሁሉ ጋር አንድ አንድ ጊዜ ተጨባበጠ። በጠቅላላ ስንት ጊዜ ተጨባበጡ?» 30 ያስፈራል። 2 ሰው ግን ማንንም አያስፈራም፤ አንድ ጊዜ ነው። 3 ሰው 3። 4 ሰው 6። 5 ሰው 10። እዚህ ላይ አንዱ ልጅ ብድግ ይላል፦ «ቆይ፣ ቆይ! መጀመሪያ 2 ጨመረ፣ ከዚያ 3፣ ከዚያ 4!» አዲስ የመጣው ሰው ከእሱ በፊት የነበሩትን ሁሉ ስለሚጨብጥ ነው። ከዚያ 30 ላይ መድረስ የጊዜ ጉዳይ ነው፤ 435። ሌላዋ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው 29 ሰው ስለሚጨብጥ 30 በ29 አባዝታ ለሁለት ትከፍላለች። «ለምን ለሁለት?» ብላችሁ ጠይቋት። ዋናው ሒሳብ እሱ ውስጥ ነው።

4. መጀመሪያ ለብቻ፣ በዝምታ

ጥያቄውን ከሰጣችሁ በኋላ አምስት ደቂቃ ማንም አያወራም። እናንተም ጭምር። ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው ይነጋገሩ።

ለምን ለብቻ? ፈጣኑ ልጅ መልሱን ከጮኸ የሌላው ሁሉ እርሳስ ይቀመጣል። እንዲያውም አንድ ደንብ አውጡ፦ መልስ አይጮህም። የጨረሰ ሰው ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ፈጣኑ ቅር ይለዋል፤ ይልመደው።

ዝምታው ለመምህሩ ነው ይበልጥ የሚከብደው። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ መምህራን ከጠየቁ በኋላ ስንት ሰከንድ እንደሚጠብቁ ለክታ ነበር። በአማካይ አንድ ሰከንድ ገደማ ነው። ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያረዝሙት የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ሳይጠሩ የሚመልሱ በዙ፣ መልስ ሳይሰጡ መቅረትም ቀነሰ። ሦስት ሰከንድ ትንሽ ይመስላል። ቁጠሩትና ተማሪ ፊት ቁሙ እስኪ።

5. ፍንጭ በደረጃ ይሰጥ

ሥራው የሚበላሸውም የሚሳካውም እዚህ ነው። ልጁ እጁን ያወጣል፣ እኛ እናዝናለን፣ እርሳሱን ከእጁ እንቀበላለን፣ እንሠራለታለን። «ገባህ?» «አዎ።» አልገባውም። የተማረው እጅ ካወጡ መልስ እንደሚመጣ ነው።

የመጀመሪያው ደንብ፦ እርሳሱን አትንኩ። ሁለተኛው፦ ከትንሹ ፍንጭ ጀምሩ። የእኔ ቅደም ተከተል ይህን ይመስላል።

«ቲቸር፣ መንገዱ ጠፍቶኛል።»

«እስካሁን የሠራሽውን አሳዪኝ።» (ምንም ፍንጭ የለም። ግማሹ ልጅ እያሳየ ሳለ መንገዱን ራሱ ያገኘዋል።)

«ምንም አልሠራሁም።»

«ካርድሽ ላይ የትኛውን ሞከርሽ?» (አሁንም ስለ ጥያቄው አላወራሁም።)

«መሳል። ግን ዶሮው የቱ፣ ፍየሉ የቱ እንደሆነ አላውቅም።»

«ጥሩ ቦታ ደርሰሻል። ሁሉም ዶሮ ቢሆኑ ኖሮ እግሩ ስንት ይሆን ነበር?»

«40… ግን 56 ነው እኮ።»

«እህ።» ብዬ ሄድኩ።

መሄዱ የፍንጩ ክፍል ነው። ቆማችሁ ከጠበቃችሁ ልጅቷ የምታየው ወረቀቱን ሳይሆን ፊታችሁን ነው። ቅንድባችሁ ከፍ ካለ ተሳስቻለሁ ብላ ታጠፋለች። «ከሦስት ደቂቃ በኋላ እመለሳለሁ» በሉና በእርግጥም ተመለሱ። ካልተመለሳችሁ ቀጣዩ ጊዜ ማንም አያምናችሁም።

ይህ ሁሉ ካልሠራ የመጀመሪያውን እርምጃ አብራችሁ ሥሩና ቀሪውን ተዉ። ነውር የለውም።

ልጅ ዝም ብሎ እንዲሰቃይ መተው ግን ጽናት ማስተማር አይደለም። መልካሙን ድካም ከከንቱው ለመለየት እጁን እዩ። እየሳለ፣ እየሰረዘ፣ አዲስ ነገር እየሞከረ ከሆነ ቢነጫነጭም ተዉት። አንዱን ስሌት ለሦስተኛ ጊዜ እየደገመ ከሆነ፣ ወይም ዓይኑ እንባ ካቀረረ ወይም መስኮት መስኮቱን ካየ፣ ያኔ ሂዱ። አንዳንዴ ችግሩ ጥያቄው አይደለም። የማባዛት ሠንጠረዥ በቅጡ የማያውቅ ልጅ 8 በ7 ስንት እንደሆነ ሲያስብ ዋናው ሐሳብ ከአእምሮው ይወጣል። ለዚህ ልጅ ሠንጠረዡን ወይም ካልኩሌተሩን ስጡት። የማባዛቱን ነገር በሌላ ሰዓት ትመለሱበታላችሁ። «ማጭበርበር ነው» የሚሉ መምህራን አሉ። አልስማማም። ዛሬ የምናስተምረው ማባዛት አይደለም።

6. ያያችሁትን አመስግኑ

በ1998 እ.ኤ.አ. ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ ያወጡት ጥናት ነበር። አምስተኛ ክፍል ያሉ ልጆች አንድ ዙር ጥያቄ ከሠሩ በኋላ ከፊሎቹ «ብልህ ነሽ» ተባሉ፤ ሌሎቹ «በደንብ ለፍተሻል» ተባሉ። ከዚያ ከባድ ጥያቄ መጣ። ብልህ የተባሉት መቀጠል ያን ያህል አላሰኛቸውም፣ ደስታቸው ቀነሰ፣ ቀጥሎ በቀረበላቸው ጥያቄ ላይም ውጤታቸው ወረደ። ምክንያቱ አይጠፋንም። ጎበዝ ስለሆንኩ ነው የሠራሁት ካልኩ፣ ሳልሠራ ስቀር ምን ልሆን ነው?

ይሁንና «ጎበዝ፣ ሞክረሃል!» ማለትም ባዶ ነው። ልጆች ባዶነቱን ያውቁታል። በቃል «አእምሮ ያድጋል» እያሉ የሚሰጡ ትምህርቶችም በሰፊው ሲፈተኑ ያመጡት ለውጥ ትንሽ ነው። የሚሻለው የሠራውን ነገር በስሙ መጥራት ነው። «ሰንጠረዡ አልሄድ ሲልሽ ወደ ሥዕል ዞርሽ፤ እሱ ነው የከፈተው።» ይህን የሰማች ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ልትደግመው የምትችለው ነገር አላት።

7. እናንተም ፊታቸው ተሳሳቱ

ተማሪ የሚያየው መምህር ሁልጊዜ የተዘጋጀውን የሚሠራ መምህር ነው። ከላይ ወደ ታች፣ ያለ ስርዝ። ከዚያ የራሱን ደብተር ያያል፤ ሁሉ ስርዝ ድልዝ። «እኔ ለሒሳብ አልተፈጠርኩም» ቢል አይፈረድበትም።

በወር አንዴ ያልተዘጋጃችሁበትን ጥያቄ ተማሪዎቹ ያምጡ፤ ሰሌዳ ላይ ጮክ ብላችሁ እያሰባችሁ ሥሩ። «ይሄ አላዋጣኝም። ለምን ይሆን? እስቲ ላሳንሰው።» ላብ ያስመጣል። እኔ አንድ ጊዜ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ፈጅቼ ሳልፈታው ደወል ተደወለ። በማግስቱ ሦስት ልጆች ሠርተውት መጡ።

የእንግሊዛዊውን የአንድሩ ዋይልስንም ታሪክ ንገሯቸው። ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ በ1637 እ.ኤ.አ. ገደማ ያለ ማስረጃ የተወውን የሒሳብ ጥያቄ ዋይልስ በ10 ዓመቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አግኝቶ አነበበው። አድጎ የሒሳብ ሊቅ ከሆነ በኋላ ሰባት ዓመት ያህል በምስጢር ሠራበት። ሰኔ 1993 ላይ ፈታሁት ብሎ ዓለም አጨበጨበ። ከዚያ ማስረጃው ውስጥ ክፍተት ተገኘ። አንድ ዓመት ያህል ታገለው፤ ሊተወውም ደርሶ ነበር። መስከረም 1994 መውጫው ታየው፤ በ1995 ታተመ። ልጆች ይህን ሲሰሙ ሁልጊዜ የሚጠይቁት አንድ ነው፦ «ስህተት ሲገኝበት አላፈረም?» እዚያ ላይ አውሯቸው።

8. ከመልሱ በኋላ አምስት ደቂቃ አስቀሩ

ሁለት ሦስት የተለያዩ መንገዶች ሰሌዳ ላይ ይውጡ። ያልተሳካ አንድ ሙከራም ይውጣ፤ ባለቤቱ ከፈቀደ ብቻ። ከዚያ እያንዳንዱ ተማሪ ደብተሩ ላይ ሁለት መስመር ይጻፍ፦ «የጠፋኝ እዚህ ጋ ነው። የወጣሁት እንዲህ አድርጌ ነው።» ካልወጣ «ቀጥሎ የምሞክረው ይህን ነው» ይበል። ክፍሉ ሳይፈታው ደወል ከተደወለ መልሱን ሮጣችሁ አትጻፉ። ለነገ ይደር።

ማርክን በተመለከተ አጭር ነው። ነጥብ የምትሰጡት ለመልሱ ብቻ ከሆነ እስካሁን ያልነው ሁሉ ወሬ ነው። እኔ ከ10 አራቱን ለመልስ፣ ስድስቱን ወረቀቱ ላይ ለሚታይ ሙከራ እሰጣለሁ።

ለመጀመር በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ደስ አይሉም። ክፍሉ ይንጫጫል፤ «ቲቸር፣ ዝም ብለህ አሳየን!» ይባላል፤ ማስታወሻ የሚገለብጡት ጎበዞች ከሁሉም በላይ ይቆጣሉ። እዚህ ላይ ከተሸነፋችሁ በሚቀጥለው ጊዜ ጫጫታው በእጥፍ ይመጣል።

ቤት ውስጥ ለምታስጠኑ

ጥያቄውን እናንተም ባትችሉት አትፈሩ። እንዲያውም ይሻላል፤ ልትሠሩለት ስለማትችሉ። ካርዱን አስወጡትና «ምን ይላል? ምን ሞከርክ? ሌላስ?» እያላችሁ ከልብ ስሙት። «እኔም ድሮ ሒሳብ አይሆንልኝም ነበር» የሚለውን ግን ለራሳችሁ ያዙት፤ ልጁ ፈቃድ አድርጎ ይወስደዋል። 20 ደቂቃ ካለፈና ምንም አዲስ ነገር ካልመጣ በቃ። የደረሰበት ቦታ ላይ ምልክት ያድርግ፣ መምህሩን የሚጠይቀውን አንድ ጥያቄ ከሥሩ ይጻፍ፣ ደብተሩን ዘግቶ ይተኛ።